ስለ ሰዎችሽ ዝምታ

ይድረስ ለምወድሽ እህት ዓለም፤

እንደምን ከርመሻል? ዓመት ከመንፈቅ ድምፄን አጥፍቼ ቆየሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በይኝ። ምክንያት መደርደር ውስጥ አልገባም፤ የትናንቱ መልእክትሽ አላስቀምጥ ብሎኛል።

"ከስድስት አገር የተውጣጡ ዐሥራ ሁለት ሰዎች ሰጡኝ። ስብሰባ ላይ ይለጎማሉ፤ 'ገብቷችኋል?' ስላቸው አዎ ይላሉ፤ ቀኑ ሲደርስ ሥራው የለም። ንቀውኛል" ብለሻል።

አልናቁሽም። ይህን አስቀድሜ የምልሽ እንቅልፍ የሚነሳሽ እሱ እንደሆነ ስለማውቅ ነው። "አዎ" ላንዱ "እፈጽማለሁ" ነው፤ ለሌላው "ሰምቼሻለሁ፣ ቀጥዪ" ነው፤ ለሦስተኛው ደግሞ "በሰው ፊት እምቢ ብዬ አላሳፍርሽም" ነው። "ገብቷችኋል?" ስትዪ ሦስቱም አዎ ይሉሻል። "አልገባኝም" ማለት እኮ ላንዳንዱ ሰው "በደንብ አላስረዳሽኝም" ብሎ አለቃውን መውቀስ ነው። በምትኩ "ከየት ትጀምራለህ? መጀመሪያ የሚያልቀው የትኛው ክፍል ነው? የማንን ፈቃድ ትጠብቃለህ?" ብለሽ ጠይቂ። ለነዚህ "አዎ" መልስ አይሆንም።

ደግሞ አንቺ ጠይቀሽ ሦስት ሰከንድ መታገሥ ከድሮም አይሆንልሽም! ጥያቄውንም መልሱንም ይዘሽ ትሄጃለሽ። መልስ ከመስጠቱ በፊት ዝም ማለትን ጥያቄውን ማክበር አድርጎ ያደገ ሰው አለ፤ ያቺን ክፍተት ከሞላሽበት ተራው እንዳለፈው ቆጥሮ ይተወዋል። በልብሽ እስከ ዐሥር ቁጠሪ።

የባህል ተመራማሪውን የሆፍስቴድን፣ አገሮችን በቁጥር የሚያወዳድረውን ሰንጠረዥ አውጥተሽ ሰዎችሽን አንድ በአንድ ከቁጥሩ ጋር ማዛመድ መጀመርሽ ግን አስፈርቶኛል። ሥራው ትልቅ ነው፤ መሠረቱ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1973 ከኮምፒውተር ኩባንያው ከአይ ቢ ኤም ሠራተኞች የተሰበሰበ ከ100,000 በላይ መጠይቅ ነው። "የሥልጣን ርቀት" ለሚለው መለኪያ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱም ያንቺው ጥያቄ ነው፦ ሠራተኞች ከአለቃቸው ጋር አለመስማማታቸውን ለመናገር ምን ያህል ጊዜ ይፈራሉ? ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ርቀቱ ይሰፋል፤ ማሌዥያ 104፣ ኦስትሪያ 11 አግኝተዋል። ነገር ግን 104 ያገር አማካይ እንጂ ፊትሽ የተቀመጠው ሰው ባሕርይ አይደለም። ቁጥሩን ወደ ግለሰብ ማውረድ ስሕተት እንደሆነ ሆፍስቴድ ራሱ አስጠንቅቋል። አማካዩም ቢሆን በልክ ነው የሚታመነው፤ ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያና ዛምቢያ "ምሥራቅ አፍሪካ" ተብለው ባንድነት 64 ተሰጥቷቸዋል። እነዚህ አራት አገሮች አለቃን በአንድ ዓይን ያያሉ ብሎ የሚምል ማን ነው? ሰንጠረዡ ምን መጠየቅ እንዳለብሽ ይጠቁምሽ፤ መልሱን ከሰውየው ስሚ።

"እኔም መልሱን አላውቀውም፣ እናንተ ንገሩኝ" ብለሽ ስብሰባውን መክፈትሽ ከቅንነት እንደሆነ ይገባኛል። አንድሬ ሎራን የተባለ ተመራማሪ ግን የብዙ አገር ሥራ አስኪያጆችን "አለቃ የበታቾቹ ለሚያነሡት አብዛኛው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ በእጁ ሊኖረው ይገባል" በሚለው ሐሳብ ይስማሙ እንደሆነ ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ1983 ውጤቱን አሳትሟል። የተስማሙት በስዊድን 10 በመቶ፣ በአሜሪካ 18፣ በጣሊያን 66፣ በጃፓን 78 በመቶ ነበሩ። ያንቺን ቃል አንዱ እንደ ግብዣ ሲሰማው ሌላው "ሥራዋን አታውቅም ማለት ነው" ብሎ ይደነግጣል።

ስለዚህ ረቂቅ ይዘሽ ግቢ። ሁለት ገጽ ጽፈሽ ከስብሰባው ሁለት ቀን ቀደም ብለሽ ላኪላቸውና "ይህ ዕቅድ ቢከሽፍ በምን ምክንያት ይከሽፋል? እያንዳንዳችሁ ሁለት ነጥብ ጽፋችሁ ላኩልኝ" በያቸው። ያን ጊዜ ዕቅድሽን የሚነቅፈው ሰው ትእዛዝሽን እየፈጸመ ነው፤ አለቃን የሚያከብረውም፣ ልቡ ያለውን የሚናገረውም እኩል ይጽፉልሻል። የጻፉትን ስም ሳትጠሪ ሰብስበሽ ስብሰባው ላይ አንብቢ። የሚፈራውን ሰው ደግሞ ቀድመሽ ለብቻው አነጋግሪው። ጃፓኖች ይህን ከስብሰባ በፊት የሚደረገውን ዙር ነማዋሺ ይሉታል፤ ዛፍን ወደ ሌላ ቦታ ከማዛወር በፊት ሥሩን ዙሪያውን መቆፈር ማለት ነው። ለብቻው የነገረሽን ግን "እገሌ ጥሩ ሐሳብ ነግሮኛል" ብለሽ በሰው ፊት እንዳታወጪበት። ለምስጋና ብለሽ ብታደርጊው እንኳ ሁለተኛ አይነግርሽም።

አሁን ዋናው ጭንቀቴ ላይ ልምጣ፤ መጥፎ ወሬ ወዳንቺ የሚደርስበት መንገድ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1990 የኮሎምቢያው አየር መንገድ አቪያንካ የበረራ ቁጥር 52 አውሮፕላን ኒውዮርክ አጠገብ ነዳጅ ጨርሶ ወድቆ ከ158 ሰዎች 73ቱ ሞቱ። የበረራ ተቆጣጣሪዎች ከአንድ ሰዓት በላይ አየር ላይ ሲያስጠብቁት ረዳት አብራሪው ነዳጅ እያለቀ መሆኑን ተናግሯል፣ ቅድሚያም ጠይቋል፤ "አስቸኳይ አደጋ" የሚለውን ቃል ግን አላወጣም፣ ተቆጣጣሪዎቹም የነገሩን ክብደት አልተረዱም። ሁሉን በባህል ማሳበብ ልክ አይደለም፤ ቋንቋውም፣ የተቆጣጣሪዎቹ አሠራርም አለበት። እኔን የሚገርመኝ በአቪዬሽን የተገኘው መፍትሔ ነው። አብራሪዎችን "ደፋር ሁኑ" ብሎ መምከር ብቻ አልበቃም። ዛሬ በዓለም አቀፉ ደንብ፣ ሲያርፍ የሚቀረው ነዳጅ ከመጨረሻው መጠባበቂያ እንደሚያንስ ስሌቱ ካሳየ አብራሪው "ሜይዴይ ፊውል" የሚለውን የነዳጅ አደጋ ጥሪ ማሰማት ግዴታው ነው። ቃሉን የሚያወጣው ስሌቱ ነው፤ ይሉኝታው መግቢያ አያገኝም።

አንቺም እንዲሁ አድርጊ። በሳምንታዊው ሪፖርት ላይ ሦስት ቃል ብቻ ይኑር፦ ይደርሳል፣ ያሰጋል፣ አይደርስም። መስፈርቱንም አንቺ ወስኚ፤ ለምሳሌ የቀረው ሥራ ከቀረው ጊዜ በሁለት ቀን ከበለጠ "ያሰጋል" መጻፍ ግዴታ ይሁን፣ በአምስት ቀን ከበለጠ "አይደርስም"። "ያሰጋል" የጻፈውን በዚያው ቀን ሄደሽ "ምን ላግዝህ?" በዪው። "ለምን?" ብለሽ ከጀመርሽ በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉም "ይደርሳል" ነው።

ሰው ባህሉን ለሥራ ብሎ አይለውጥም ትዪኝ ይሆናል። እሴቱን አዎ፣ አይለውጥም። አሠራሩን ግን ይለውጣል። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1982 የዘጋውን የፍሪሞንት ካሊፎርኒያ የመኪና ፋብሪካ በ1984 ከቶዮታ ጋር ሆኖ ሲከፍተው አብዛኞቹ ሠራተኞች የድሮዎቹ ነበሩ። ድሮ የማምረቻውን መስመር ማቆም የማይታሰብ ነበር። አዲሱ አሠራር ግን ችግር ያየ ሁሉ የመጥሪያውን ገመድ እንዲስብ አዘዘ፤ የቡድን መሪው ወዲያው ደርሶ ያግዝ ነበር፣ በተወሰነው ጊዜ ካልተፈታ መስመሩ ይቆም ነበር። እነዚያው ሰዎች ጥራቱን ጃፓን ካሉት ፋብሪካዎች ጋር አቀራረቡት። ገመዱ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ከተሳበ በኋላ ባለችው ደቂቃ የመሪው ፊት ነው ቁም ነገሩ።

እና... ይህን ልናገር ወይስ ልተው እያልኩ ነው። እኔ ካልነገርኩሽ ማን ይነግርሻል? "ይህ ዕቅድ አይሠራም" ብሎ በሰው ፊት የተናገረሽ ያ ሰው፣ "ባለጌ" ያልሽው። አገሩን አልጠይቅሽም። ለሱ ዕቅዱን መንቀፍ አንቺን መንቀፍ አይደለም፤ እንዲያውም አክብሮሽ ይሆናል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላምታሽ እንደቀዘቀዘበት ራስሽ ጽፈሻል። የቀሩት ዐሥራ አንዱ ያንን አይተዋል፣ እህቴ። ዝምታቸው ከአገራቸው ይዘውት የመጡት ብቻ አይመስለኝም።

ተቆጣሽ? ተቆጪ፤ ግን ከሰኞ በፊት ሰውየውን ፈልጊውና ነጥቡን በዝርዝር እንዲያስረዳሽ ጠይቂው። ከዚያ ስብሰባው ላይ ሌሎች ባሉበት "እሱ ባለው መሠረት ይህን ቀይሬያለሁ" በዪ፤ የሱ ሐሳብ አስቀድሞ በሰው ፊት የተነገረ ስለሆነ ስሙን መጥራት ምንም አይጎዳውም። ማን ቀና እንዳለ፣ ማን ማስታወሻውን እንዳነሣ አይተሽ ጻፊልኝ። እኔም በዚያው ቀን እመልስልሻለሁ።

ያንቺው