ሰራተኛው የሚያየው አለቃውን ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ስለ መንግስት መስሪያ ቤት አገልግሎት የምታወጡትን ሁሌ አነባለሁ፣ አብዛኛው ጽሁፍ የሚወቅሰው ሰራተኛውን ነው፣ ያረፍዳል፣ ባለጉዳይ ያመላልሳል፣ ስልኩ ላይ ተጥዶ ይውላል ምናምን። እውነት ነው አልክድም። ግን እኔ ከመዝገብ ቤት ጀምሬ ብዙ አመት መንግስት ቤት የሰራሁ ሰው ነኝ፣ እና በደንብ ያየሁት ነገር ሰራተኛ ከኃላፊው የተለየ ጸባይ ብዙም አያወጣም።

የስራ ሰአትን እንይ። ለፌደራል የመንግስት ሰራተኛ የተቀመጠው በሳምንት 39 ሰአት ነው፣ ጠዋት 2:30 ገብተህ 11:30 ትወጣለህ። ይሄን ለማስከበር ድሮ የፊርማ ወረቀት ነበር፣ ሰው ለጓደኛው መፈረም ሲጀምር አሻራ መጣ፣ አሁን ደግሞ አሻራውን ሰጥቶ ቁርስ ሊበላ የሚወጣው ብዙ ነው። ለምን ቢባል ዳይሬክተሩ አሻራ አይሰጥም፣ መኪናው ግቢ የሚገባው አራት ሰአት ላይ ነው፣ ይሄን ደግሞ ከጥበቃው ጀምሮ ሁሉም ያውቃል።

ከሰአቱ በላይ እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የስልኩ ነገር ነው። ባለጉዳይ ከጠዋት ጀምሮ ኮሪደር ላይ ወረፋ ይዞ ቆሟል፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች አሉ፣ ከክፍለ ሀገር ሌሊት ተነስተው የመጡ አሉ፣ ከዛ የቢሮው ስልክ ይጮኻል፣ ከላይ ነው፣ "አንድ ልጅ እልክልሃለሁ ቶሎ ጨርስለት"። ልጁ ሰዉን ሁሉ አልፎ ይገባል፣ ፋይሉ ወጥቶ፣ ተፈርሞ፣ ማህተም ተመቶበት በአስር ደቂቃ ጨርሶ ይሄዳል። ኮሪደር ላይ ያለው ሰው ይሄን እያየ ነው። ፋይሉን ያወጣው ሰራተኛም የገባው ነገር አለ፣ ስራው በአስር ደቂቃ ማለቅ እንደሚችልና ለማን ሲሆን እንደሚያልቅ። ትንሽ ቆይቶ የራሱን የአክስት ልጅ ያስቀድማል፣ ከዛ ደግሞ ለሻይ የሚሰጠውን። ይሄንን ሰው የስነምግባር ስልጠና ብለህ አዳራሽ ብታስቀምጠው ትምህርቱን ከአለቃው ቀድሞ ጨርሷል።

ሪፖርትም ላይ እንደዛው ነው። አንድ የሩብ አመት ግምገማ ላይ አንዲት ቡድን መሪ እቅዳችን ከግማሽ ብዙም አላለፈም ብላ ምክንያቱን በዝርዝር ስታቀርብ ኃላፊው ሰው ፊት አዋረዳት፣ ልጅቷ እንባዋ መጣ። በሚቀጥለው ሩብ አመት ሁሉም ክፍል ከ95 ፐርሰንት በላይ አመጣ። ስራው ያው ነው፣ የተቀየረው ሪፖርቱ ነው። ኃላፊው ከዛ በኋላ ከታች ምን እየሆነ እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፣ እውነቱን የሚነግረው ሰው ራሱ ነው ያጠፋው።

የለውጥ ፕሮግራም እየተባለ አሰራሩን ከስሩ የሚቀይር ነው ያሉት ቢፒአር መጣ፣ ውጤት መለኪያው ቢኤስሲ መጣ፣ ስራን በየጊዜው በትንሽ በትንሹ ማሻሻል የሚለው የጃፓኖቹ ካይዘንም መጣ፣ የካይዘን ኢንስቲትዩቱ ራሱ በ2004 ዓ.ም ነው የተቋቋመው። ካይዘን ክፉ ነገር የለውም፣ ጃፓኖቹ ኃላፊው ስራው የሚሰራበት ቦታ ድረስ ወርዶ በአይኑ ይይ ነው የሚሉት። እኛ ጋር ግን ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ተሰመረ፣ ሼልፉ ላይ ሌብል ተለጠፈ፣ አምስቱ ማዎች የሚባሉት የካይዘን የስራ ቦታ አደረጃጀት ደንቦች ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ፣ ኃላፊው ግን ከፎቅ አልወረደም።

ተቃራኒውንም አይቻለሁ። አንድ ጊዜ አንዲት ሴት ኃላፊ ተመደቡልን። እሳቸው ጠዋት ከኛ እኩል አሻራ ሰጥተው ቀጥታ የሚሄዱት ባለጉዳይ ወዳለበት ኮሪደር ነው፣ "እርሶ ለምን ጉዳይ ነው የመጡት፣ ስንተኛ ቀኖ ነው" እያሉ ይጠይቃሉ፣ ያልተመለሰለት ሰው ካለ ፋይሉን ይዘው ራሳቸው ዴስኩ ጋር ይመጣሉ። አንድ ቀን ወንድማቸው ጉዳይ ኖሮት መጣና በሩን ከፍቶ ሊገባ ሲል ሰዉ ሁሉ እየሰማ "ወረፋ ይዘሃል?" አሉት፣ ሄዶ ተሰለፈ። ሰርኩላር አልተጻፈም፣ ስብሰባ አልተጠራም፣ ግን ከዛ ቀን በኋላ እንቶኔን አስቀድምልኝ የሚል ሰው ሲመጣ ሰራተኛው "እሳቸው እኮ ወንድማቸውን አሰልፈዋል" ብሎ መመለስ ቻለ። እሳቸው ሲዛወሩ በጥቂት ወር ውስጥ ያ ሁሉ ተመለሰ፣ ስልኩም ተመለሰ፣ አራት ሰአት መግባቱም ተመለሰ። ሰራተኞቹ እኛው ነበርን፣ ደሞዙም ያው፣ ህንጻውም ያው።

አሁን የመሶብ አንድ ማዕከል አገልግሎት በየቦታው እየተከፈተ ነው፣ ባለጉዳይ ከቢሮ ቢሮ መንከራተቱ ይቅርለት እንጂ እኔ ደስ ነው የሚለኝ። ግን ለሚመለከተው አካል የምለው፣ አሻራው ለኃላፊውም ይሁን፣ ከላይ በስልክ የሚታዘዝ ጉዳይ ማን እንዳዘዘው ፋይሉ ላይ ይጻፍ፣ በየስድስት ወሩ የእኛን የስራ አፈጻጸም ነጥብ የሚሞላው አለቃ የእሱንም ነጥብ ሰራተኛውና ባለጉዳዩ ይሙላለት፣ ያ ውጤት ደግሞ ሰውየው ወደ ሌላ መስሪያ ቤት ከመሾሙ በፊት ይታይ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመንግስት ሰራተኛ፣ ከአዲስ አበባ