ሳይሰፈር ዋጋ አይጠራም

ይድረስ ለልጄ፣

ባለፈው በስልክ «ናሙና ለመውሰድ ሁለተኛ መርፌ ለምን አስፈለገ? ቆሽቴን አሳረሩት!» ብለህ ስትቆጣ ዝም ያልኩህ እህትህ አጠገቤ ስለነበረች ነው። ስንናደድ ስሙን የምንጠራው ቆሽት ለካ ከጨጓራ ጀርባ ተሸሽጎ የሚኖር ነገር ኖሯል። እኔም ያወቅሁት በ68 ዓመቴ፣ ሜሪላንድ መጥቼ ነው።

ዓይኔ ቢጫ ሆኖ ሽንቴ ጠላ ሲመስል ያየኝ ሁሉ የወፍ በሽታ ነው አለ። ማሳከኩንስ ተወው፣ ሌሊቱን ስታከክ ነበር የማድረው። ሲቲ ስካኑ ግን ቆሽቴ ራስ ላይ ያለ ዕጢ የሐሞቱን ቱቦ እንደዘጋው አሳየ። በመጀመሪያው መርፌ የተለመደው ካንሰር ነው ተባለ፤ ከ10 የቆሽት ካንሰር 9ኙ ያህል እሱ ነው። ናሙናውን የመረመረው ፓቶሎጂስት ግን የቆዳ ሕዋስ የሚመስሉ፣ ለቆሽት እንግዳ የሆኑ ጠፍጣፋ ሕዋሳት ጥቂት አይቶ ናሙና ይጨመርልኝ አለ።

አንተ የእህል በረንዳ ልጅ ነህ። ከጆንያ አፍ ዘግነህ ብቻ ትከፍላለህ? በሹሉ ብረት ከጎኑም ከሥሩም ትወጋለህ፤ ነጭ የተባለው ጤፍ ከመሀል ሰርገኛ ሆኖ ይወጣል። የእኔም እንዲሁ ሆነ። ጫፉ ላይ አልትራሳውንድ ያለው ቱቦ በአፌ ገባ፤ መርፌው ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው በትንሹ አንጀቴ መጀመሪያ ግድግዳ አልፎ ቆሽቴን ወጋ። ናሙናው በልዩ ቀለም ሲታይ ሁለቱም ዓይነት ሕዋስ ተቀላቅሎ ተገኘ። አዴኖስኳመስ ይሉታል፤ ከ100 የቆሽት ካንሰር ከ1 እስከ 4 ቢሆን ነው፣ ከተለመደውም ይፈጥናል። ስሙ እንዲጸና ግን ጠፍጣፋው ሕዋስ ከዕጢው ቢያንስ 30 በመቶ መሆን አለበት፤ ያ ደግሞ በመርፌ ቁራጭ አይሰፈርም፣ ዕጢው በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ነው የሚለካው። ስለዚህ ሐኪሟ «ያጠራጥራል» ብለው ጻፉ። ወደድኳቸው። ሳይሰፍር ዋጋ የሚጠራ ነጋዴ እኔም አላምንም።

አሥር ቀን ባከነ ትላለህ። እኔም በልቤ ረግሜያለሁ። ነገር ግን በእነዚያ ቀናት ሐሞቱን ለማፍሰስ የገባልኝ ቱቦ ሥራውን ሠርቶ ዓይኔ ነጥቷል፤ ቢጫነቱ ሳይወርድ ኬሞው አይጀመርም ነበር።

ደሜን ለዘር ምርመራም ወስደዋል። ቢአርሲኤ 2 በሚባለው፣ ከወላጅ ወደ ልጅ በሚወረሰው ዘረ-መል ላይ ጉድለት ከተገኘ አንተም እህትህም ትመረመራላችሁ፤ እምቢ እንዳትለኝ።

ለእናትህ ግን ሰርገኛ የሚለውን ነገር አታንሳባት። እሁድ ስትደውል እኔ ራሴ እነግራታለሁ።

አባትህ