የገና ሩጫ ከገና በኋላ ቢሆንስ?

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር የጎዳና ላይ ሩጫ ማዘጋጀት በከተሞቻችን እየተለመደ መጥቷል። በሐዋሳም የገና ሰሞን ሲቃረብ አንድ ዓይነት ካናቴራ የለበሱ ወጣቶች፣ እናቶችና ሕፃናት በየመንገዱ ሲታዩ ደስ ያሰኛል። እኔም የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝና ለእንዲህ ያለው ዝግጅት ድጋፌ ሙሉ ነው፤ ተማሪዎቼን አስከትዬም እሮጣለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሩጫውን ለመንቀፍ ሳይሆን፣ የሚካሄድበት ቀንና ሰዓት ከበዓሉም ሆነ ከሯጩ አቅም ጋር የማይስማማ ሆኖ ስላገኘሁት፣ አዘጋጆችና የሚመለከታቸው የከተማው ኃላፊዎች ለመጪው ጊዜ እንዲያስቡበት ለማሳሰብ ነው።

በገና መሮጥ ለእኛ ከውጭ የመጣ ወግ አይደለም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እየተባለ፣ ጎረምሳው የገና ዱላውን ይዞ ሩሯን ሲያሳድድ የሚውልበት ጨዋታ ከሩጫም በላይ ሩጫ ነው፤ መነሻና መድረሻ አልተሰመረለትም እንጂ ትንፋሽ በማስቆረጥ ከማናቸውም ውድድር አያንስም። ነገር ግን ያ ጨዋታ የሚደራው በዕለቱ፣ ቅዳሴው አብቅቶ፣ ጾሙ ተፈትቶ፣ ሰው በልቶና ጠጥቶ ከተነሣ በኋላ ነው። የአሁኑ የገና ሩጫ ግን በጾሙ መጨረሻ፣ ምእመኑ እጅግ በደከመበት ሰሞን ይደረጋል።

ቀኑን የሚመርጡት ሰዎች ስሌት አይገባኝም አልልም። ታኅሣሥ 19 ቀን የሚከበረው የቅዱስ ገብርኤል በዓል ከየአቅጣጫው እጅግ ብዙ ምእመን ወደ ሐዋሳ ያመጣል፤ ሆቴሎች ይሞላሉ፣ ከተማው ይደምቃል። ከዚያ እስከ ገና ባሉት 10 ቀናት ደግሞ ገበያው የሚጦፍበት ጊዜ በመሆኑ፣ ስፖንሰር የሚሆኑ ድርጅቶች ስማቸው በካናቴራ ላይ ታትሞ በከተማው እንዲዞር የሚፈልጉት ያኔ ነው። ከገና በኋላ የሸማቹ ኪስ ይራቆታል፤ ለተራቆተ ኪስ ማስታወቂያ የሚከፍል የለም። ይህ ለነጋዴ ትክክለኛ ስሌት ሊሆን ይችላል፤ የሚሮጠው ግን ነጋዴው አይደለም።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ይገባል። ሐዋሳ የልዩ ልዩ እምነት ተከታዮች ከተማ ብትሆንም፣ ከሯጮቹ መካከል ይህን ጾም የሚጾሙት ጥቂት አይደሉም፤ ከእነርሱም ውስጥ እስከ 9 ሰዓት እህልም ውኃም የማይቀምሱ አሉ። ሌሊቱን ሳይበላ ያደረ ሰው ጉበት ያከማቸው ስኳር ጠዋት ላይ እየተሟጠጠ ይሄዳል፤ በሩጫ የሚወጣውን ላብ የሚተካ ውኃ ካልተጨመረበት የደሙ መጠን ይቀንሳል፣ ልብም ያንኑ ሥራ ለመሥራት በብዙ ትመታለች። በዚህ ሁኔታ 10 ኪሎ ሜትር መሮጥ ለሠለጠነ አትሌትም ቀላል አይደለም። ባለፈው ጊዜ በተካፈልንበት ሩጫ ከተማሪዎቼ አንዷ መንገዱን ሳታጋምስ ራሷን ይዟት አስፋልት ዳር ተቀመጠች። ውኃ የሚያድሉት ልጆች በቅንነት ደግመው ደጋግመው ቢያቀርቡላትም፣ ጾመኛ ነኝና አልቀምስም ብላ እንቢ አለች። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እምነቷን ጠብቃ መቆሟን አደንቃለሁ፤ ከጓደኞቿ ላለመለየት ከጾሟና ከሩጫው አንዱን እንድትመርጥ የሚያስገድድ ቀን የቆረጡትን ግን አላደንቅም።

ሁለተኛው ነገር ሰዓቱ ነው። ለጠዋቱ 1 ሰዓት የተጠራው ሕዝብ የተለቀቀው 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነበር። በመካከሉ የክብር እንግዶች ተጠበቁ፤ ከመጡም በኋላ ተራ በተራ ንግግር አደረጉ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሯጭ አየሩ ለትንፋሽ ይቀልለዋል፤ የረፋዱ ፀሐይ ግን አይቀልለውም። በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሚሆን ማለዳው ብርድ ብርድ የሚል፣ 4 ሰዓት ላይ ግን አስፋልቱ ከታች፣ ፀሐዩ ከላይ የሚጠብስ ነው። በሐይቁ ዳር ያሉት ትልልቅ ዛፎች ጥላቸውን የሚሰጡት ለተወሰነ ርቀት ብቻ ነው።

በዓላዊ ሩጫ አንድ ጊዜ በተወሰነለት ሰዓት ታስሮ መኖር የለበትም። በብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ በፈረንጆች ዓመት የመጨረሻ ቀን የሚካሄደው የሳኦ ሲልቬስትሬ ሩጫ እ.ኤ.አ. በ1925 የተጀመረ ነው፤ አገራችን በደንብ ታውቀዋለች፣ ምክንያቱም ውዴ አያሌው እ.ኤ.አ. በ2008፣ በ2014 እና በ2015 አሸንፋበታለች። ይህ የ15 ኪሎ ሜትር ሩጫ መጀመሪያ ላይ አሮጌው ዓመት ሊያልቅ ሲል በሌሊት ይሮጥ ነበር፤ በኋላ ወደ ከሰዓት በኋላ፣ ከዚያም ወደ ጠዋት ተዛውሯል። ሰዓቱ ስለተለወጠ በዓልነቱ አልቀረም።

ሦስተኛውን ነገር የሚያውቀው ከኋላ የሚሮጥ ሰው ብቻ ነው። ከፊት ያሉት አትሌቶች ግማሽ ሰዓት በማይበልጥ ጊዜ ገብተው ሽልማታቸውን ይቀበላሉ፤ ካሜራውም ያኔ ይታጠፋል። ወዲያው መንገዱ ይከፈትና ገና ከመድረሻው ርቀው ባሉት እናቶችና ሕፃናት መካከል ባጃጅ መሽሎክሎክ ይጀምራል። ባጃጅ ነጂውን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ የገና ገበያ ሰሞን ነውና በግ የገዛው፣ ዶሮና ሽንኩርት የተሸከመችው ሁሉ ቶሎ አድርሰኝ እያለ ያዋክበዋል። ትራፊክ ፖሊሱም በዚያው ሰሞን ገበያውንና የበዓል መንገደኛውን ጭምር መቆጣጠር ስላለበት፣ የሕዝብ ሩጫ በሚፈልገው ልክ ሰው መመደብ ይቸግረዋል። ቀኑ በትክክል ቢመረጥ ግን ይህኛው ችግር በአብዛኛው አብሮ ይቃለላል።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፦ የገናው ሩጫ ከጥር 1 እስከ ጥር 7 ባሉት ቀናት ውስጥ በሚውለው ቅዳሜ ይደረግ። ጾሙ ተፈትቷል፣ ገበያው ረግቧል፣ ከተራው ጥር 10 ቀን ስለሆነ የጥምቀቱ ዝግጅት አይነካም፣ የበዓሉም ስሜት ገና አልበረደም። እሑድ ያላልኩት ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም በዚያ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስለሚሄድ ነው። ቅዳሜን የሚያከብሩ አድቬንቲስት ወንድሞችና እኅቶች እንዳሉን አልዘነጋሁም፤ ለሁሉም የሚመች ቀን ከሰባቱ ቀናት ውስጥ ማግኘት የሚችል ሰው ካለ ሐሳቤን በደስታ እተዋለሁ። ሕዝቡ ከዶሮ ወጥና ከክትፎ ማግሥት እንዴት ይሮጣል የሚሉኝ ባልደረቦችም አሉ። መልሴ፣ ከበላ ሰው ይልቅ ያልበላው ያሳስበኛል የሚል ነው።

ስለ ሰዓቱ ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 10 ኪሎ ሜትሩን በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይጨርሳል። ሩጫው በእርግጥም በ1 ሰዓት ከተለቀቀ የመጨረሻዋ እናት ከ3 ሰዓት በፊት ትገባለች ማለት ነው፤ መንገዱን እስከዚያ ድረስ ዘግቶ ማቆየት በቅዳሜ ማለዳ ከተማውን አይጎዳም። የክብር እንግዶች ንግግር ከመድረሻው በኋላ፣ በጥላ ሥር ይሁን፤ በዚያ ላይ ሕዝቡ ሮጦ ስለደከመ ቁጭ ብሎ የማዳመጥ ዕድሉ ሰፊ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱ ባሸነፈበት በኅዳር 1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያም ይህን ያህል ዓመት ሕዝብ የሚያጎርፈው ለፊተኞቹ ተብሎ ብቻ አይደለም፤ እየዘፈነና እየጨፈረ ከኋላ የሚመጣው ሕዝብ የዝግጅቱ ባለቤት ስለሆነ ነው።

ሌላው ጉዳይ የሃይላንዱ ነው። በየውኃ ማደያው የሚጣለው ባዶ ፕላስቲክ በዚያው ቀን ካልተለቀመ በቦዩ አድርጎ የሚሄደው ወደ ሐይቁ ነው፤ በሐይቁ ዳር አሞራ ገደል በተባለው ቦታ ዓሣ የሚሸጡት ሰዎች ይህን ከእኔ በላይ ያስረዳሉ። የሠፈር ወጣቶች ማኅበራት ተከፍሏቸው ቢለቅሙት ለዝግጅቱ ትልቅ ወጪ አይመስለኝም።

በመጨረሻ የሚመለከታቸውን ሁሉ የምጠይቀው፣ ቀኑ ቢቻል በመስከረም፣ ትምህርት ቤቶች የዓመቱን መርሐ ግብር ሳያጸድቁ እንዲገለጽ ነው። ልጆችን ከ2 ኪሎ ሜትር ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ማድረስ ወራት ይወስዳል፤ ሩጫው በሁለት ሳምንት ማስታወቂያ ሲጠራ ግን መምህሩ የሚችለው ካናቴራ ማደል ብቻ ይሆናል። በጥር ወር የሚውለው የሩጫው ቅዳሜ ከወዲሁ ከታወቀልን ልምምዱን ኅዳር ሲገባ እንጀምራለን፤ ለጾመኞቹም ልምምዱን ከ9 ሰዓት በኋላ እናደርግላቸዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር
ከሐዋሳ