ከደምበጫ ተሳፍረን ከማርቆስ ስለከፈልነው ሒሳብ

ለአገር አቋራጭ አውቶቡስ ማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጤና ይስጥልኝ።

የገንዘብ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። እኛ ከመንገዳችሁ መሀል የምንኖር ሰዎች በስምሪታችሁ ውስጥ የለንም። ቅሬታዬ እሱ ነው።

ባለፈው ሳምንት እናቴን ለዓይን ሕክምና ባሕር ዳር መውሰድ ነበረብኝ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ደምበጫ አስፋልቱ ዳር ቆምን። ጥላ የለም፣ መቀመጫ የለም። እናቴ አንድ ሱቅ ደረጃ ላይ ነጠላዋን አጣጥፋ ተቀመጠች። ሁለት አውቶቡሶቻችሁ ጡሩምባ እየነፉ አለፉን። ሦስተኛው ቆመ። ረዳቱ ገና በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ "ሙሉ ነው የምትከፍሉት!" አለ። ሙሉ ማለት ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ያለው ታሪፍ ነው። እኛ ማርቆስን በዓይናችንም አላየናት። "ለምን?" ስለው "ወንበሩ የተነሳው ከማርቆስ ነዋ" አለኝ። ጥሩ፣ ወንበሩስ የታለ? መተላለፊያው ላይ ሁለት በርጩማ አወጣልን።

ትኬቱ እጄ ላይ አለ። "ከደ/ማርቆስ – ባ/ዳር" ይላል። የወንበር ቁጥሩ ቦታ ባዶ ነው።

ቡሬ ልንደርስ ስንል ረዳቱ "ትራፊክ! ትርፍ ያላችሁ ጎንበስ!" ብሎ ጮኸ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። "እማማ፣ ትንሽ ዝቅ ይበሉልኝ" አላት። በትሕትና ነው ያላት፣ አልዋሽም። ምኑም ሳይገባት ጉልበቷ ላይ ተደፋች።

"ምን መጣብን ልጄ?"

"ትራፊክ ነው እማዬ።"

"ታዲያ እኛ ምን ሰረቅን?"

የምመልስላት አጣሁ። ሙሉ ሒሳብ ከፍለን ተደብቀን ሄድን።

አደራ፣ ልጁን እንዳትቀጡልኝ። እሱ የታዘዘውን ነው የሚሠራው። ስንመለስ ባሕር ዳር ላይ ትኬት ቆራጫችሁም ያው መልስ ነበር የሰጠችን፤ "የደምበጫ ታሪፍ የለንም፣ የማርቆስ ልቁረጥልህ?" አለችኝ። አስቆረጥኩ፣ ምን አማራጭ አለኝ? ያላየነውን የማርቆስ መንገድ በሁለቱም አቅጣጫ ከፈልንበት ማለት ነው። ሲያወርዱን ደግሞ ከተማውን አልፈው ነው፤ መሽቶ ስለነበር በስልክ መብራት እየተመራን በእግራችን ወደ ኋላ ተመለስን።

ከማርቆስ ባሕር ዳር ወደ 260 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ ደምበጫ አለ፣ ፍኖተ ሰላም አለ፣ ቡሬ አለ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ መራዊ አለ። ሁሉም ሕመምተኛ፣ ተማሪ፣ ነጋዴ ያለበት ከተማ ነው። ስምሪት የሚያወጣው ሰው ግን የሚያየው ሁለቱን ጫፍ ብቻ ይመስለኛል። አባይ በረሃ ላይ በጃፓን እርዳታ ትልቅ ድልድይ ተሠራ። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የአባይ ድልድይ ተመረቀ። እሰየው ነው፣ ደስ ብሎናል። ግን ድልድይ ብቻውን ሰው አያሻግርም፤ እኛን የሚያሻግረን የእናንተ ወንበር ነው። (የጸጥታውን ነገር አላነሳም። መንገድ ሲዘጋ እናንተም እንደኛው ተጎጂ ናችሁ።)

ሌላው ጣጣ የደጀን ነው። እህቴ ቢቸና ነው ያገባችው። ጮቄ መሀል ላይ ስለተገተረ ዋናው መንገድ ደጀን ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በማርቆስ፣ አንዱ በቢቸናና በሞጣ ዞሮ ባሕር ዳር ላይ ይገናኛል። ስለዚህ እኔ እሷን ለመጠየቅ ወደ ማርቆስ፣ ከዚያም ወደ ደጀን ወርጄ እንደገና መውጣት አለብኝ። ተራራውን አንሱልኝ አልላችሁም። ግን በሁለቱም መስመር አውቶቡስ አላችሁ። ከማርቆስ የሚመጣው ደጀን ሳይደርስ የቢቸናው ለምን ይነሳል? ግማሽ ሰዓት ቢጠብቀን ደጀን ላይ አልጋ ይዘን አናድርም ነበር።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ታሪፉ በየከተማው ተሰልቶ ትኬት መቁረጫው ላይም አውቶቡሱ በር ላይም ይለጠፍ። ከማርቆስ ከሚነሳው የጠዋት አውቶቡስ ላይ አራት አምስት ወንበር ለመሀል ከተሞች ይያዝ፤ ባይሞላ እንኳ መንገድ ላይ ሰው አይጠፋም፣ እናንተም አትከስሩም። ትኬትም ደምበጫ ላይ ይቆረጥ፤ አንድ ጠረጴዛና አንድ ሰው ይበቃል። በርጩማው ግን ይቅር። አንድ ቀን ፍሬን ሲያዝ ምን እንደሚፈጠር ሹፌሮቻችሁ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል።

አራቱንም ትኬቶች ቅጂ አያይዣለሁ። በብልጫ የከፈልነው ተሰልቶ ይመለስልን። የእናቴ ቀጣይ ቀጠሮ የዛሬ ወር ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እዚያው ሱቅ ደረጃ ላይ እንሆናለን፤ ለሾፌሩ ንገሩልን።

ከሰላምታ ጋር
የደምበጫ ደንበኛችሁ