ካሴቱስ አለ፣ ማጫወቻው የታል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ስለ ቅርስ በተጻፈ ቁጥር ብራናው ይነሳል፣ ሐውልቱ ይነሳል። ደግ ነው። ካሴትን ግን የሚያነሳው የለም።

የምሠራው በአንድ ትንሽ የባህል ማዕከል ውስጥ ነው። መደርደሪያችን ላይ ከወረቀቱ ካሴቱ ይበዛል። ቀረርቶ፣ ፉከራ፣ ሙሾ፣ የሠርግ ዘፈን፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሽማግሌዎች ስለ ጣልያን ጊዜና ስለ መሬት ሥሪት ያወሩት፣ ምኑ ቅጡ። አብዛኛው የተቀዳው በደርግ ጊዜ ነው። ሌላ ቦታ ቅጂ የለውም።

ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው "ታዲያ ለምን ዲጂታል አታደርጉትም? ፕሮፖዛል ጻፉና ኮምፒውተር አስገዙ" ይላል። ኮምፒውተርማ አለን! ያጣነው ካሴቱን በደንብ የሚያጫውት ቴፕ ነው። አንዴ ከመጋዘን ያወጣነው ቴፕ ቤልቱ (ሞተሩ የሚያዞረው የላስቲክ ቀበቶ) ሟሙቶ እንደ ሬንጅ ተጣብቆ ነበር። ሌላው ደግሞ ፍጥነቱ ስቶ አንድ ግዙፍ ፎካሪን የሕፃን ድምፅ ሰጠው፤ ሳቅን፣ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

የእኛ ብቻ ችግርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ዩኔስኮ ከዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል መዛግብት ማኅበር ጋር ሆኖ ስለ ማግኔት ቴፕ፣ ማለትም ካሴት ውስጥ ድምፁ ስለሚቀዳበት ጥብጣብ፣ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። ከ2025 ገደማ በኋላ ቴፕ ላይ ያለን ድምፅ መገልበጥ በጣም አዳጋች እንደሚሆን የመስኩ ባለሙያዎች ይገምታሉ። ቴፑ ስለሚበላሽ ብቻ አይደለም፤ ደህና ማጫወቻ የሚያመርት ስለጠፋ፣ መለዋወጫው ስላለቀና ጥገናውን የሚያውቀው ሰው ስላረጀ ነው። የተባለው ዓመት ደግሞ ደርሷል።

ስለዚህ እንደኔ እንደኔ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት ፈንድ ሳይሆን ቴፕ ጠጋኝ ነው። በየከተማው ራዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ ሰዎች አሉ፤ ዛሬ ሞባይልና ዲሽ ይዘው ተቀምጠዋል። እኛ ከተማ ያሉት ጋሼ ዴካችንን (የካሴት ማጫወቻችንን) ከፍተው አዩና "ይቺ መች ሞተች፣ ቤልቷ ነው እንጂ" አሉን። ድምፁን ከጥብጣቡ ላይ የሚያነበውን ብረት፣ "ሄድ" የሚሉትን፣ በጥጥና በአልኮል ጠረጉት። ከዚያ አንድ የታፈነ ካሴት አስገብተው ከዚያ ብረት አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን በቀጭን ካቻቪት ነካ ሲያደርጓት፣ ከብርድ ልብስ ስር የሚመስለው የአልቃሿ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። እኛ እኮ ያንን ካሴት "ተበላሽቷል" ብለን ለይተን አስቀምጠነው ነበር። ይህን ማስተካከያ የሚያውቅ ሰው እያለ በየመጋዘኑ ስንት ካሴት በከንቱ እየተጣለ ይሆን?

ሱቅ የሚሸጡትን፣ ካሴት ወደ ኤምፒስሪ የሚቀይሩ ርካሽ ፕላስቲኮች ግን አትመኗቸው። ፍጥነታቸው ይዋዥቃል፣ የድምፁንም ጥራት ገና ሲቀዱት ይቀንሱታል። ደህና አሮጌ ዴክ፣ ድምፁን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ መካከለኛ የድምፅ ካርድና ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ካሉ ሥራው ይጀመራል። ከላይ ያነሳሁት ዓለም አቀፍ ማኅበር ያወጣው መመሪያ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ምክሩ ባጭሩ ድምፁን ሳይጨምቅ በሚይዘው በዌቭ ፋይል፣ በ24 ቢት ቅዱ (ቢትና ኪሎኸርዝ ፕሮግራሙ ላይ የሚመረጡ የጥራት ልኮች ናቸው)፣ ቢያንስ በ48 ኪሎኸርዝ፣ ከተቻለ በ96 የሚል ነው። በ96 ሲሆን የአንድ ሰዓት ስቴሪዮ ድምፅ 2 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። አንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ታዲያ ከ400 ሰዓት በላይ ይይዛል ማለት ነው። ሁለት ገዝቶ በተለያየ ቤት ማስቀመጥ ነው፤ አንዱ ቢሰረቅ ወይም ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል። አቋራጭ የሌለው ጊዜው ነው። የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ተቀምጠው ይሰሙታል፣ አለቀ።

አንድ ነገር እባካችሁ። ካሴቱን ከማስገባታችሁ በፊት ጀርባው ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ስበሩ። በስህተት ሪከርድ ቢጫን እንኳ አይጠፋም።

ገንዘቡም ቢሆን ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። የብሪቲሽ ላይብረሪ ለአደጋ የተጋለጡ መዛግብት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ድጋፍ የሚሰጥበት ፕሮግራም አለው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ለብራናዎች ሠርቶበታል፣ ከጊኒ ብሔራዊ ራዲዮም በሺዎች የሚቆጠሩ ዘፈኖች በዚሁ ድጋፍ ተገልብጠዋል። ዋናው ቅጂ ከአገር አይወጣም፣ ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ሎስ አንጀለስ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ2018 ተመሳሳይ ፕሮግራም ጀምሯል፣ ድምፅንም ይጨምራል። ግን እንዲህ ያለ ድጋፍ ስትጠይቅ ምን ዓይነት ካሴት፣ ስንት፣ ማን ቀዳው፣ መቼ፣ የት፣ ባለመብቱ ማን ነው መባልህ አይቀርም። ዝርዝር የሌለው ማዕከል እዚህ ጋ ይወድቃል። ዝርዝር ለመሥራት ደግሞ ደብተርና እስክርቢቶ ይበቃል፣ ለዚህ ማንም ፈንድ አይጠብቅም። ስለ መብት ካነሳሁ አይቀር፣ የሰው እናት የተለቀሰባትን ሙሾ ቤተሰቡን ሳይጠይቁ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ነውር ነው። ሲደረግ እያየን ነው።

እናንተን የምለምነው ትንሽ ማስታወቂያ ነው። በየሳምንቱ በአንዲት ጥግ "ቴፕ ጠጋኝ ነኝ"፣ "የሚሠራ ዴክ አለኝ" የሚሉ አንባቢዎችን ከትንንሽ ማዕከላት ጋር አገናኙ። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ለገና የምትመጡ ወገኖችም፣ ከሽቶውና ከጫማው መሀል ጥቂት የቴፕ ቤልት ብትወረውሩ ሻንጣችሁ አይከብድም፤ እዚያ በኢንተርኔት ይሸጣል፣ እኛ ግን መርካቶን አስሰን አጥተናል። ቁም ሳጥን ላይ አቧራ የጠጣ ናሽናል ቴፕ ያላችሁም ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት በአካባቢያችሁ ያለ የባህል ማዕከል ወይም ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። ባይሠራም ግድ የለም፣ ለመለዋወጫ ይሆናል።

አንባቢያችሁ፣ ከአንድ ትንሽ የባህል ማዕከል