ከፍለን ስላላየናቸው የመጨረሻ ደቂቃዎች የቀረበ ቅሬታ

ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሀዋሳ

ለኳስ ማሳያ አዳራሹ ባለቤት

ጉዳዩ፦ በ2017 የውድድር ዘመን የአርሴናል ጨዋታዎች ስለታዩበት ሁኔታ ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

እኔ ዓመቱን ሙሉ አዳራሽዎ እየከፈልኩ ኳስ ሳይ የቆየሁ የአርሴናል ደጋፊ ነኝ። ያስከፋንን ነገር ቲኬት ለሚቆርጠው ልጅ ደጋግመን ነግረነዋል። «ለባለቤቱ አደርሳለሁ» ከማለት ውጪ ያገኘነው መልስ ስለሌለ በጽሑፍ ማቅረብ ግድ ሆነብኝ። ደብዳቤውን በራሴ ስም ብጽፈውም ከእኔ ጋር ከኋላ የሚቀመጡት የሰፈራችን የአቶቴ ልጆች የሚሉትም ይህንኑ ነው።

ቅሬታዬ በደንብ እንዲገባዎት መጀመሪያ ስለ ዓመቱ ጥቂት ልበል። አርሴናል የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን በ74 ነጥብ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ለሦስተኛ ተከታታይ ዓመት ሁለተኛ። ዋንጫውን ሊቨርፑል በ84 ነጥብ ወሰደ። ብዙ ሰው ቡድናችን እየተሸነፈ ዋንጫ ያጣ ይመስለዋል፤ እንደዚያ አይደለም። በ38 ጨዋታ የተሸነፍነው 4 ጊዜ ብቻ ነው፤ ሊቨርፑልም የተሸነፈው 4 ጊዜ ነው። እኛ ግን 14 ጊዜ አቻ ስንወጣ እነሱ የወጡት 9 ጊዜ ነው። ከእነዚያ አቻዎች ውስጥ 5ቱን አሸንፈን ቢሆን ኖሮ ተጨማሪ 10 ነጥብ እናገኝ ነበር፤ የጎደለንም ልክ 10 ነጥብ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 89 ነጥብ ስንሰበስብ አቻ የወጣነው 5 ጊዜ ብቻ ነበር። ያገባነው ጎልም ከ91 ወደ 69 ወርዷል።

አቻ የሚጸናውም የሚፈርሰውም ደግሞ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ነው። በጥቅምት ሊቨርፑልን 2 ለ 1 እየመራን ሳላህ በ81ኛው ደቂቃ አገባብን። በሚያዝያ ክሪስታል ፓላስን 2 ለ 1 እየመራን ማቴታ በ83ኛው ደቂቃ ኳሷን ከሩቅ በግብ ጠባቂያችን በራያ አናት ላይ አሳልፎ አስቆጠረ። ዘንድሮ አርሴናልን 80 ደቂቃ ብቻ ያየ ሰው አርሴናልን አይቷል አይባልም። አዳራሽዎ ሙሉ ዋጋ ተቀብሎ የነፈገን ደግሞ እነዚህኑ ደቂቃዎች ነው።

መስከረም 12 ቀን ከማንቸስተር ሲቲ ጋር የነበረውን ጨዋታ ልጥቀስ። ትሮሳርድ ከእረፍት በፊት በሁለተኛ ቢጫ ወጥቶብን 10 ሆነን 2 ለ 1 እየመራን ነበር። ካርዱ የተሰጠው ኳሷን መትቶ ስላራቃት ነው፤ ነሐሴ ላይ ከብራይተን ጋር ራይስን ያስወጣውም የዚሁ ዓይነት ጥፋት ነበር። ስለ ዳኞቹ የማወራው ብዙ አለ፤ ይህ ደብዳቤ ግን ስለ እነሱ አይደለም። ሁለተኛውን አጋማሽ ሙሉ አሥር ሰው የራሱ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ሲከላከል፣ አዳራሹ ውስጥ የሚያወራ ሰው አልነበረም። አራተኛው ዳኛ 7 ደቂቃ ጭማሪ አሳየ። ወዲያው ሠራተኞችዎ መብራት አብርተው ገቡ። ውጭ ለስፔን ሊግ ጨዋታ ቲኬት የቆረጡ ሰዎች ተሰልፈው ይጠብቁ ነበርና፣ አንዱ ልጅ የፊቱን አግዳሚ እያነሳ «አለቀ፣ አለቀ፣ በዚህ በኩል ውጡ» ማለት ጀመረ። ሌላው የወደቀ ጠርሙስ ለመልቀም ስክሪኑ ፊት ለፊት ቆመ። «ወንድሜ፣ ዘወር በል፣ ገና ነው» ብለን ጮኽን። እሱ ዘወር ሲል የሲቲ ደጋፊዎች ከግራ በኩል እየዘለሉ ነበር። ስቶንስ በ98ኛው ደቂቃ አግብቶብን ነበር። የዓመቱን ትልቁን ጎል፣ ያውም የገባብንን፣ ያየነው በድጋሚ ሲታይ ነው፤ እሱንም እስኪጨርስ ሳይጠብቁ ጣቢያው ተቀየረ።

ጎሉን ሠራተኛዎ አላገባውም። ሆኖም እኔ የከፈልኩት ዳኛው ፊሽካ እስኪነፋ ላለው ጨዋታ ነው። አንዱን ሕዝብ ሳያስወጡ ለሌላው ሕዝብ ወንበሩን መሸጥ በየትኛውም የንግድ ሥራ ትክክል አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ የጀነሬተሩ ነው። የካቲት 8 ቀን ከሌስተር ጋር ስንጫወት አጥቂ የሚባል አልነበረንም። ሳካ ከታኅሣሥ ጀምሮ በጡንቻ ጉዳት ወጥቷል፣ ጄሱስ ጉልበቱ ተጎድቷል፣ ማርቲኔሊ ተጎድቷል፣ ሃቨርትዝ ደግሞ በዚያው ሳምንት ዱባይ ልምምድ ላይ ተጎዳ። ክለቡ በጥር የዝውውር መስኮት አንድም ሰው አላስፈረመም። በዚህ እስከ ዛሬ እበሳጫለሁ፤ የዓመቱ ትልቁ የክለቡ ጥፋት ይህ ነው እላለሁ። እናም 0 ለ 0 እያለን፣ ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጋመሰ መብራት ጠፋ። መብራት መጥፋቱ የእናንተ ጥፋት አይደለም። ጀነሬተሩ ግን ከጓሮ ቆሟል። ሄደን ብንጠይቅ «ሊያልቅ ነው፣ ለሃያ ደቂቃ ተብሎ ነዳጅ አይቃጠልም» ተባልን። በዚያች ሃያ ደቂቃ ውስጥ አሰልጣኛችን አርቴታ አማካዩን ሜሪኖን አጥቂ አድርጎ አስገባው፤ በ81ኛውና በ87ኛው ደቂቃ ሁለት ጎል አግብቶ አሸነፍን። እኛ ሁለቱንም ጎል የሰማነው ከመንገዱ ማዶ ካለው ቤት በመጣ ጩኸት ነው።

ገንዘባችን እንዲመለስ ስንጠይቅ ልጁ በጣቱ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት አሳየን፤ «የከፈሉት ገንዘብ አይመለስም» ይላል። እዚህ ላይ እንዲያስቡበት የምፈልገው ነገር አለ። በጥር ወር መግቢያው ከ30 ብር ወደ 40 ብር ሲጨምር የተሰጠን ምክንያት «ለጀነሬተር ነዳጅ» የሚል ነበር። ማንም አልተከራከረም፤ ነዳጅ መወደዱን ሁላችንም እናውቃለን። ለነዳጅ ተብሎ 10 ብር ከተጨመረብን በኋላ በነዳጅ ምክንያት ጨዋታ ከተቋረጠብን ግን ያ ገንዘብ የት ገባ?

የመጨረሻው ቀን ግንቦት 17ም አለ። ዋንጫው ከወር ገደማ በፊት ሊቨርፑል ጋር ገብቷል፤ አዳራሹን የሞላው ሰው ማየት የፈለገው ለአራተኛና ለአምስተኛ ደረጃ የሚደረገውን ፉክክር ነበር። ይገባኛል። ነገር ግን በሩ ላይ ባለው ሰሌዳ በጠመኔ የተጻፈው «ሳውዝሃምፕተን ከ አርሴናል» ነው፤ የቆረጥነውም ያንኑ አይተን ነው። ከእረፍት በኋላ ጣቢያው ሲቀያየር ዋለ፤ ኦዴጋርድ በ89ኛው ደቂቃ ያገባትን የማሸነፊያ ጎል ማታ በስልክ አየናት።

ከሁሉም የከፋው ግን መጋቢት 30 ማክሰኞ ማታ የሆነው ነው፤ እዚህ ላይ የማነሳው የገንዘብ ነገር አይደለም። ሪያል ማድሪድ ወደ አርሴናል ሜዳ፣ ኤምሬትስ፣ የመጣበት ቀን ነው። መግቢያው 80 ብር ሆነ፤ ለቻምፒየንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ይሁን፣ ከፈልን። 4 ሰዓት ሲጀምር ወንበር አልቆ ነበር። ቲኬት መቁረጡ ግን አላቆመም። መተላለፊያው ላይ ሰው ተቀመጠ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፣ ከእሱ በኋላ የመጣው መስኮት ላይ ወጣ። ከእረፍት በኋላ ራይስ በ58ኛው ደቂቃ የመጀመሪያዋን ቅጣት ምት ከተከላካዮቹ ግድግዳ ውጪ አዙሮ የማድሪዱ ግብ ጠባቂ ኩርቱዋ መረብ ውስጥ ሲያስገባ ሁሉም ባንድ ጊዜ ተነሳ። በ70ኛው ደቂቃ ሁለተኛዋን ከዚያች ባማረ ሁኔታ ከላይ ጥግ ሲያስገባ ግፊያው ወደ ኋላ መጣ። ራይስ ከዚያ በፊት በቀጥታ ቅጣት ምት አግብቶ አያውቅም፤ በቻምፒየንስ ሊግ ጥሎ ማለፍ ሁለት ቀጥታ ቅጣት ምት በአንድ ጨዋታ ያገባ ተጫዋችም ከእሱ በፊት አልነበረም። ደስታው እንዲህ ዓይነት ነበር። በዚያ ደስታ መሃል አጠገቤ የነበረ የአሥራ ሁለት ዓመት የማይሞላው ልጅ ከሰውና ከግድግዳ መሃል ተጣብቆ «ትንፋሽ አጠረኝ» ሲል ሰማሁት። አንስተነው ወደ በሩ ስንገፋ በሩ ከውስጥ በጓጉንቸር ተቆልፏል። ሳይከፍሉ የሚገቡ እንዳይኖሩ ተብሎ ነው። ቁልፉን የያዘው ልጅ ደግሞ ከፊት ስክሪኑ ሥር ተቀምጦ ኳስ ያያል። ስሙን ሰው ለሰው እየተቀባበልን ጠርተን እስኪመጣ፣ ልጁን ከራሳችን በላይ ይዘነው ቆየን። ሜሪኖ ሦስተኛዋን ሲያገባ እኛ በሩ ላይ ነበርን።

ልጁ ደህና ነው፤ ውጭ ውሃ አፍስሰንለት አባቱ ይዞት ሄደ። እሳት ተነስቶ ቢሆንስ? የመብራት ገመዱ ከጣሪያው ተንጠልጥሎ፣ በአንድ በር፣ በተቆለፈ በር። በሚቀጥለው ሳምንት ማድሪድን በድጋሚ 2 ለ 1 አሸንፈን በድምሩ 5 ለ 1 ስናልፍም በሩ ተቆልፎ ነበር። ግማሽ ፍጻሜ ላይ ከፓሪስ ሴንት ዠርሜን ጋር ስንጫወትም እንደዚያው።

ይህን ሁሉ ስናነሳ ከሠራተኞችዎ አንዱ «ኳስ እኮ ነው፣ ነገ ሃይላይቱን ታየዋለህ» አለኝ። ይህ አነጋገር ከሀዋሳ ልጅ አፍ መውጣቱ አሳዘነኝ። አርሴናል አንድም ሳይሸነፍ የእንግሊዝን ሊግ የበላው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ የእኛው ሀዋሳ ከተማም የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ለመጀመሪያ ጊዜ የበላው በዚያው ዓመት ነው። ያኔ ልጆች የነበርን ሰዎች ሁለቱን ደስታ በአንድ ዓመት አየን። ሀዋሳ በ1999 ደገመው፤ አርሴናል ግን ከዚያ ወዲህ እስከ 2017 ድረስ የሊግ ዋንጫ አላነሳም። አዳራሽዎን በየሳምንቱ የሚሞላው በአብዛኛው ይህንን ሲጠብቅ የኖረ ሰው፣ አንዳንዱም የራሱን ልጅ አስከትሎ የሚመጣ ነው።

ነሐሴ ላይ አዲሱ ውድድር ይጀመራል። ከዚያ በፊት የምንጠይቀው ይህንን ነው። በሩ ሰው እያለ በምንም ምክንያት እንዳይቆለፍ፤ ቁልፍ ያዥ ካስፈለገ በሩ ላይ ይቁም። ከወንበር በላይ ቲኬት እንዳይቆረጥ። ይህ ሁለቱ የሚለመን ነገር ስላልሆነ፣ ነሐሴ ላይ በሩን ተቆልፎ ካገኘነው ለክፍለ ከተማው እናመለክታለን። ሰሌዳው ላይ የተጻፈ ጨዋታ የመጨረሻ ፊሽካ እስኪነፋ ይታይ፤ ጨዋታ ለመቀየር ከታሰበም ከመግባታችን በፊት ይነገረን። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ይነሳ፤ ካልተነሳ ቲኬቱ ለሚቀጥለው ጨዋታ ያገልግል፤ ገንዘብ መልሱ እንኳ አላልንም። በየጨዋታዎቹ መሃል ቢያንስ ሰው ተረጋግቶ የሚወጣበት ጊዜ ይኑር።

በዋጋው አንከራከርም። አዳራሽዎ ለእኛ ቅርብ ነው፣ ስክሪኑም ጥሩ ነው፣ ሌላ ቦታ መሄድም አንፈልግም። መልስዎን እዚያው ሰሌዳ ላይ ቢጽፉልን ሁላችንም እናነበዋለን።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር ደንበኛዎ፣ ከአቶቴ