እጄ የጠቆረው በከሰል ነው

እማዬ፣

ደህና ነኝ። ሰላምታውን ወንድሜ ሲያነብልሽ ራሱ እንደሚያስረዝመው ስለማውቅ በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ። የሦስት ወር ዝምታዬን አትቀየሚብኝ። የዓይንሽን ነገር የሰማሁ ዕለት ልጽፍልሽ ተቀምጬ ነበር፤ ባዶ እጄን ምን ልበልሽ? አሁን ለሕክምናው የሚሆነውን ልኬያለሁ። ሐኪሞቹ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥተው ሰው ሠራሽ ይተኩልሻል፤ አትፍሪ። ለእህቴ ሠርግ የተረፈ ነገር የለም። ትቀየመኝ ይሆናል፤ ትቀየም።

ፎቶግራፌን ወደ ዓይንሽ አስጠግተሽ አይተሽ አለቀስሽ አሉኝ። «ልጄ ምን ሥራ ላይ ወድቆ ነው እጁ እንዲህ የጠቆረው» ብለሻል። በዚያ በደከመ ዓይን ጥፍሬ ሥር ያለችው ጥላሸት እንዴት ታየችሽ! እማዬ፣ የሥዕል ከሰል እኮ ነው። ልጅ ሳለሁ ግድግዳሽን ያጠቆርኩበት፣ ጆሮዬን ያስቆነጠጠኝ ያው ከሰል። ልዩነቱ ይህኛው ቀጫጭን የአኻያ ዘንግ አየር በማይገባው ዕቃ ተዘግቶ የከሰለ መሆኑ ነው። እጅጌ ሲነካው ይለቃል፤ ስለዚህ ከላይ ጀምሬ ወደ ታች እወርዳለሁ፣ ከክንዴ ሥርም ንጹሕ ወረቀት አነጥፋለሁ። ለድቅድቁ ጥቁር ዱቄቱን በሙጫ አጣብቀው የጨመቁት ሌላ ዓይነት አለ፤ እሱ አንዴ ካረፈ እንቢ ስለሚል እስከ መጨረሻው አልነካውም።

«የሚጠፋ ነገር ላይ ዕድሜውን ጨረሰ» ማለትሽ ግን አልተዋጠልኝም። ፈረንሳይ ውስጥ ሾቬ በሚባለው ዋሻ ሰዎች በከሰል የሣሏቸው ፈረሶችና አውራሪሶች ከ30,000 ዓመት በላይ ቆይተዋል። እጅጌውን የሚያሳርፍባቸው ስላልነበረ ይሆናል።

ከተማውን ስሥል ሁለት ወር ፈጀብኝ። አንዱ ሕንፃ ብቻ በመንገዱ በኩል 312 መስኮቶች አሉት። መብራት ያለባቸውን አልሥላቸውም፤ ሁሉንም አጥቁሬ ስጨርስ እንደ ሊጥ በሚታሽ ላጲስ አንድ በአንድ ጠቅ እያደረግሁ ጥቁሩን አነሳለሁ፣ ብርሃኑ ከሥር ይወጣል። ቁጥሩን እንዴት አወቅህ እንዳትይኝ። ማታ ማታ እዚያ ትንሽ ሥራ አለችኝ። ቀላል ናት፣ ሕንፃውም ሊፍት አለው። ወንድሜ፣ ይህችን ብትዘላት ግድ የለም።

የሙሽራውን ፎቶግራፍ ደጋግሜ አየሁት። ከሩቅ ሰው የማውቅበት ሌላ መንገድ ስለሌለኝ ፊቱን በከሰል ሞከርኩት፤ ሦስት ጊዜ ኮስተር አድርጌ ጀመርኩ፣ ሦስቴም ፈገግ ብሎ ወጣብኝ። ጆሮዎቹ ትልልቅ ናቸው፤ እህቴ ስታወራ የሚሰማት ሰው ያስፈልጋት ነበር። ያቺ እግሬ ሥር እየተጠቀለለች የማታሠራኝ ልጅ ልትዳር! እኔ ሳልኖር! ይህን ስጽፍ ወረቀቱን አንድ ጊዜ ቀይሬዋለሁ።

ሠርጉ በደጃችን ዛፍ ሥር ነው ስላላችሁኝ ስጦታዬ ያው ዛፍ ነው። የግንዱን ስንጥቅ፣ ወንድሜ ሚስማር የመታበትን ቦታ፣ አንቺ የምትደገፊበትን ጉብታ ሳይቀር በቃሌ ሥያለሁ። አንድ ነገር ብቻ እንቢ አለኝ። አባቴ ባረፈበት ክረምት የተገነጠለው ቅርንጫፍ ወደ በሩ ነበር ወይስ ወደ ጓሮ? የጆሃንስበርጉ ሰዓሊ ዊልያም ኬንትሪጅ በከሰል የሣለውን ደምስሶ፣ እዚያው ወረቀት ላይ እንደገና እየሣለ ፊልም ይሠራል፤ የደመሰሰው ጥላው ይቀራል። የእኔም ዛፍ ባልነበሩ ቅርንጫፎች ጥላ ተሞልቶ ቀረ። በየቀኑ ሥሩ ስጫወት ያደግሁበትን ዛፍ እንዴት ይህን ያህል እረሳለሁ?

ለወንድሜ ፎቶግራፍ አንሥተህ ላክልኝ ብለው ይልክልኝ ነበር። ግን አንቺ እንድትነግሪኝ ፈለግሁ። ሐኪም ቤት ከመሄድሽ በፊት ወጥተሽ ግንዱን ዳብሺው፤ ቁስሉ በየት በኩል እንዳለ እጅሽ ያውቀዋል። እሑድ ጠዋት ከሥራ ስገባ እደውላለሁ። እስከዚያ ቦታውን አልነካውም።

ልጅሽ